የታወቀ ዜማን በቁጥር ኖታ በፒያኖ መጫወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የተዘጋጁት ባለ አምስት መስመሩን ኖታ ማንበብ ለማይችሉ፣ ነገር ግን ፒያኖ ወይም ኪቦርድ አጠገባቸው ላለና የሚያውቁትን አንድ ዜማ በገዛ እጃቸው ለመጫወት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ጥያቄዎቹ ለጀማሪዎች ኪቦርድ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። ለምሳሌ የመረጥኩት በየቤቱ ኬክ ሲቆረስ የሚዘመረውን የልደት ዜማ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው በጆሮው ስለሚያውቀው ስህተቱን ያለ አስተማሪ ራሱ ሊያርም ይችላል።

የቁጥር ኖታ ማለት ምን ማለት ነው?

የአንድን ስኬል (በከፍታ ተራ የተደረደሩ ድምፆች መሰላል) ሰባት ድምፆች ከ1 እስከ 7 ባሉት ቁጥሮች የመጻፍ ዘዴ ነው። 1 ዶ፣ 2 ሬ፣ 3 ሚ፣ 4 ፋ፣ 5 ሶል፣ 6 ላ፣ 7 ሲ ይሆናሉ። ዜማው ከ1 በታች ሲወርድ ከቁጥሩ ሥር ነጥብ ይደረጋል፤ ከ7 በላይ ሲወጣ ደግሞ ነጥቡ ከቁጥሩ በላይ ይሆናል። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ሲጻፍ ነጥብን ከቁጥር ሥር ማስቀመጥ ስለሚያስቸግር፣ እዚህ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፊቱ ነጥብ አድርጌ «.5» ብዬ እጽፈዋለሁ። ሰረዝ «–» ከፊቱ ያለው ድምፅ አንድ ምት ተጨማሪ እንደሚቆይ ያመለክታል፤ በቅንፍ ውስጥ የገቡ ሁለት ቁጥሮች አንድ ምት ይካፈላሉ፤ 0 ዝምታ ነው። ቀጥ ያለው መስመር «|» ምቶቹን በቡድን በቡድን ይለያል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በፈረንሳይኛ ይጽፍ የነበረው ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1742 ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ በቁጥር የሚጻፍ የሙዚቃ ኖታ አቅርቦ ነበር፤ በጊዜው ብዙም ተቀባይነት ባያገኝም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳውያን መምህራን አሻሽለው ለመዝሙር ማስተማሪያነት አውለውታል። ዛሬ በቻይና እጅግ የተለመደ ነው። ዜማን በአጭር ምልክት ማስታወስ ለእኛም እንግዳ ነገር እንዳልሆነ መናገር እወዳለሁ፤ በድጓው ላይ ከቃላቱ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት፣ እንዲሁም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት እና የመሳሰሉት ምልክቶች፣ ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ ለሰማ ተማሪ የተዘጋጁ ማስታወሻዎች ናቸው። የቁጥር ኖታም የሚጠቅመው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጆሮ የሚያውቀውን ዜማ እጅ እንዲያገኘው ይረዳል።

ዶ፣ ሬ፣ ሚ ወይም የእንግሊዝኛ ፊደላቱ እያሉ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል?

አንደኛው ምክንያት አማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ የሚመለከት ነው። «ሲ» የሚለው ድምፅ በእንግሊዝኛው አጠራር የስኬሉ መነሻ የሆነውን ዶን ይሰይማል፤ በዶ ሬ ሚ አጠራር ግን ሰባተኛውን ድምፅ ይሰይማል። በአማርኛ ሲጻፉ ሁለቱ አንድ ናቸው። አንድ ተማሪዬ ከጓደኛው የተቀበለውን ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ «ሲ» የሚለውን ሁሉ ከዶ በስተግራ ባለው ነጭ ቁልፍ ሲጫወት፣ ዜማው ለምን እንደተበላሸ ሳይገባው አንድ ሳምንት ሙሉ እንደለፋበት አስታውሳለሁ። ጓደኛው የጻፈለት በእንግሊዝኛው አጠራር ነበር። 1 እና 7 ብሎ ቢጽፍለት ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የቁልፎቹን ስም የምጠራው በዶ ሬ ሚ ብቻ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት፣ ቁጥር የሚነግረን የቁልፉን ስም ሳይሆን ድምፁ ከዜማው ቤት ያለውን ርቀት መሆኑ ነው። «ቤት» ስል ዜማው ተንከራትቶ በመጨረሻ የሚያርፍበትን ድምፅ ማለቴ ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ 1 ነው። ዘፋኟ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ አድርጋ ብትዘፍን የቁልፎቹ ስም ሁሉ ይለወጣል፤ ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ከዘፋኝ ጋር የሚጫወት፣ በተለይም በቅኝት የሚጫወት ሰው፣ ይህ ጥቅም ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ወዲያው ይረዳዋል። ወደ ቅኝቶቹ ከዚህ በታች እመለሳለሁ።

በፒያኖው ላይ 1ን የት አገኘዋለሁ?

ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆኑ ተሰድረዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ፣ ከመጀመሪያው ጥቁር ጋር የተጎራበተው ነጭ ቁልፍ ዶ ነው። በሙሉ ፒያኖ ላይ 88 ቁልፎች፣ ማለትም 52 ነጭና 36 ጥቁር፣ ስላሉ ዶ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ለመነሻ የሚመረጠው መሐለኛው ዶ ከግራ ሲቆጠር አራተኛው ነው። በተለመደው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ከግራ ሦስተኛውን ዶ ይውሰዱ። ለጊዜው እርሱን 1 ይበሉት፤ ከእርሱ ወደ ቀኝ ያሉት ነጮች በተራ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 ይሆናሉ፤ ወደ ግራ ሲሄዱ ደግሞ .7፣ .6፣ .5 ያገኛሉ።

በቁልፎቹ ላይ ቁጥር ብለጥፍ ይሻላል?

በሁሉም ላይ ባይለጥፉ እመክራለሁ። ዓይን የተለጠፈውን ማንበብ ከለመደ እጅ ርቀትን አይማርም፤ ደግሞም 1 በሌላ ቀን ወደ ሌላ ቁልፍ ሲዛወር የተለጠፈው ሁሉ ውሸት ይሆናል። በመሐለኛው ዶ ላይ ብቻ ትንሽ የወረቀት ምልክት አድርገው፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንሱት።

የልደቱ ዜማ በቁጥር ሲጻፍ ምን ይመስላል?

እንዲህ ነው፦

(.5 .5) | .6 .5 1 | .7 – (.5 .5) |
.6 .5 2 | 1 – (.5 .5) |
5 3 1 | .7 .6 (4 4) |
3 1 2 | 1 –

ከመጫወትዎ በፊት ቁጥሮቹን ጮክ ብለው በዜማው ያንጎራጉሯቸው፤ «አምስት አምስት ስድስት አምስት አንድ ሰባት» እያሉ። ይህ ለልጆች የተሰጠ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ከማውቃቸው ልምምዶች ሁሉ ይህን ያህል በአጭር ጊዜ ፍሬ የሚሰጥ አላየሁም፤ ምክንያቱም የቁጥሩ ስምና የድምፁ ከፍታ በአንድ አፍ አብረው ይጠናሉ።

ዜማው አራት ስንኝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መንትዮች ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው መጨረሻቸው ላይ ብቻ ሲሆን፣ አንደኛው 1 ነክቶ ወደ .7 ይወርዳል፤ ሁለተኛው 2 ነክቶ ወደ 1 ይወርዳል። አንደኛው ስንኝ ሳይጠናቀቅ የተንጠለጠለ፣ ሁለተኛው ግን ያረፈ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ .7 ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ ያልገባ ድምፅ ነው። ሦስተኛው ስንኝ፣ የባለ ልደቱ ስም የሚጠራበት፣ ከ.5 ወደ 5 አንድ ሙሉ ኦክታቭ፣ ማለትም እስከሚቀጥለው ተመሳሳይ ድምፅ፣ ይዘላል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። መፍትሔው ዝላዩን ብቻ ነጥሎ ማጥናት ነው፦ .5 ይንኩ፣ ዓይንዎን 5 ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ በኋላ እጅዎን ያንቀሳቅሱ። ዓይን ቀድሞ ሲደርስ እጅ አይሳሳትም። ሃያ ጊዜ በዝግታ ከደገሙት በኋላ ወደ ሙሉው ስንኝ ይመለሱ።

ቁጥሩ 5 ሲል በአምስተኛው ጣት ልንካ ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ግራ መጋባት በጣም የተለመደ ነው፤ የፒያኖ መምህራንም ጣቶችን በቁጥር ስለሚጠሩ ጥፋቱ የጀማሪው አይደለም። በሁለቱም እጆች አውራ ጣት 1፣ ጠቋሚ 2፣ የመሐል ጣት 3፣ የቀለበት ጣት 4፣ ትንሿ ጣት 5 ትባላለች። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ እንዳይቀላቀሉ፣ የዜማውን ቁጥር በእስክሪብቶ፣ የጣቱን ግን ከላይ በእርሳስና አነስ አድርገው ይጻፉ።

በልደቱ ዜማ የሚከተለውን አጣጣል እመክራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች የቀኝ እጅ አውራ ጣት .5 ላይ ይቀመጥና ሌሎቹ ጣቶች በየጎረቤታቸው ነጭ ቁልፍ ላይ ይደረደራሉ፤ .6 በጠቋሚ፣ .7 በመሐል ጣት፣ 1 በቀለበት ጣት፣ 2 በትንሿ ጣት ይነካሉ፤ እጅም ከቦታው አይነቃነቅም። በሦስተኛው ስንኝ ከዝላዩ በኋላ 5ን በትንሿ፣ 3ን በመሐል ጣት፣ 1ን በአውራ ጣት ነክተው፣ ጠቋሚውን በአውራ ጣት ላይ አሻግረው .7ን ይነካሉ፤ ከዚያም አውራ ጣት ከሥር ተስቦ .6 ላይ ያርፋል። በአራተኛው ስንኝ አውራ ጣት ወደ 1 ሲመለስ ደስ የሚል ነገር ይሆናል፦ 4 4 3 1 2 1 የሚለው የዜማ ቁጥርና የጣት ቁጥር አንድ ይሆናሉ።

ቁልፎቹን በትክክል እየነካሁ ዜማው ያልመሰለው ለምንድን ነው?

ከአሥር አንዱ ካልሆነ በቀር ጥፋቱ የምት ነው። ብዙዎች ቁጥሩን ብቻ ይገለብጡና ሰረዙን፣ ቅንፉንና መስመሩን ይተዉታል፤ እንዲህ ያለው ወረቀት የድምፅ ስም ዝርዝር እንጂ ዜማ አይደለም። በየቦታው የሚዘዋወሩት የቁጥር ጽሑፎች ዋና ጉድለታቸው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁጥር ኖታ «የሰነፍ ዘዴ» የሚል ስም የወጣለትም በእነርሱ ምክንያት ነው።

የልደቱ ዜማ በሦስት ምት ይቆጠራል፤ የሚጀምረው ግን ከአንደኛው ምት ሳይሆን ከሦስተኛው ነው። «አንድ፣ ሁለት» ብለው በዝምታ ይቁጠሩ፤ «ሦስት» ላይ ሁለቱን አጫጭር .5ዎች ይንኩ፤ ቀጥሎ .6 በሚቀጥለው «አንድ» ላይ ከረር ብሎ ይወድቃል። እግርዎ «አንድ» ላይ ብቻ ወለሉን ይምታ። በስልክ ላይ ያለ ሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው ይጀምሩ፤ ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት ካለፉ ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 80 ከፍ ያድርጉት። የተሳሳቱበትን ቦታ ሁልጊዜ ከዜማው መጀመሪያ እየተነሱ አይድገሙት፤ ከስህተቱ አንድ መስመር ቀድመው ይጀምሩ። አለዚያ መጀመሪያው ይጠናል፣ የተበላሸው ቦታ እንደተበላሸ ይቀራል።

ግራ እጄን መቼና እንዴት ልጨምር?

ቀኝ እጅዎ ከሰው ጋር እየተነጋገሩም ቢሆን ሳይሳሳት ማለፍ ሲችል ነው። መጀመሪያ ኮርድ (አብረው የሚነኩ ድምፆች) አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ የሦስት ምት ቡድን ግራ እጅ «አንድ» ላይ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻ ይንካና ይያዝ። ለልደቱ ዜማ የሚስማማው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ 1፣ 5፣ 5፣ 1፣ 1፣ 4፣ ከዚያ በሰባተኛው ቡድን 1 ተነክቶ ዜማው 2 ላይ ሲደርስ ወደ 5 ይለወጣል፤ መጨረሻው 1 ነው። ይህ ከለመደ እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ኮርድ ያስፉት፦ የ1 ኮርድ 1 3 5፣ የ4 ኮርድ 4 6 1፣ የ5 ኮርድ 5 7 2 ናቸው። ብዙ የምዕራቡ ዓለም ታዋቂ ዘፈኖች በእነዚህ ሦስትና በ6 ኮርድ፣ ማለትም በ6 1 3፣ ብቻ ሊታጀቡ ይችላሉ።

የአማርኛ ዘፈኖችን በዚህ ዘዴ መጫወት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ዘዴው ከቅኝቶቻችን ጋር የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ይስማማል። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ስላለው፣ የትኞቹ ቁጥሮች እንዳሉና የትኞቹ እንደሌሉ በአንድ መስመር ይታያል። «♭» (ፍላት) ማለት ድምፁ ወደ ግራ ወደሚቀጥለው የቅርብ ቁልፍ፣ ጥቁርም ቢሆን፣ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ትዝታ ሜጀር፦ 1 2 3 5 6
ትዝታ ማይነር፦ 1 2 ♭3 5 ♭6
ባቲ ሜጀር፦ 1 3 4 5 7
ባቲ ማይነር፦ 1 ♭3 4 5 ♭7
አምባሰል፦ 1 ♭2 4 5 ♭6
አንቺሆዬ፦ 1 ♭2 4 ♭5 6

ፒያኖ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በአንድ ደቂቃ ትዝታን ሊሰማ ይችላል። ከሦስቱ ጥቁር ቁልፎች የመጀመሪያውን 1 ይበሉት፤ ከዚያ ነጮቹን ሁሉ ትተው በጥቁሮቹ ላይ ብቻ ይጓዙ። አምስቱ ጥቁሮች 1 2 3 5 6 ናቸው። ቀስ ብለው ወጣ ወረድ እያሉ መጨረሻው ላይ ወደ መነሻው ቁልፍ ይመለሱና እዚያ ይቆዩ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኋቸው አንዲት እናት፣ ለልጃቸው የተገዛው ኪቦርድ አጠገብ ቆመው ነበርና፣ ሦስት ድምፅ ከነኩ በኋላ እጃቸውን አንስተው «ይኼ እኮ የእኛ ነው» አሉኝ፤ ያን ዕለት ትምህርቱን የወሰዱት እርሳቸው ነበሩ።

አሁን ደግሞ ቁጥር ከቁልፍ ስም የሚበልጥበትን ነገር ይመልከቱ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ የሚባሉትን አምስት ነጭ ቁልፎች ይውሰዱ። ላ ቤት ሆኖ ዜማው እዚያ ሲያርፍ ትዝታ ማይነር ይሰማል፤ በእነዚያው አምስት ቁልፎች ሚ ቤት ሲሆን ግን አምባሰል ይሆናል። በቁልፍ ስም ለሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ናቸው። በቁጥር ሲጻፉ ግን አንዱ 1 2 ♭3 5 ♭6፣ ሌላው 1 ♭2 4 5 ♭6 ስለሚሆን ልዩነታቸው ፊት ለፊት ይታያል፤ ጆሮም የሚሰማው ይህንኑ ልዩነት ነው።

በአጃቢነት በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሱትን 4 እና 5 ኮርዶች በትዝታ ሜጀር ላይ ቢጭኑ፣ የመጀመሪያው 4ን፣ ሁለተኛው 7ን ይዞ ይገባል፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም፤ የዜማው ጠረን ይለወጣል። ሙሉ በሙሉ በትዝታ ሜጀር ውስጥ የሚገኙት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች 1 3 5 እና 6 1 3 ብቻ ናቸው። በትዝታ ማይነር ደግሞ 1 ♭3 5 እና ♭6 1 ♭3 ናቸው። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው በግራ እጅ 1ን እና 5ን ብቻ አብሮ ይዞ ማቆየት ነው። ችክችካ ለሆነ ዘፈን ስድስት ስድስት እየቆጠሩ፣ ግራ እጅ በአንደኛውና በአራተኛው ላይ እንዲወድቅ ያድርጉ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የክራርና የማሲንቆ ቅኝት፣ በተለይ አንቺሆዬ፣ በፒያኖ ቁልፎች ላይ ሁልጊዜ በልክ አይገኝም፤ ቁጥርም ጌጡን፣ የድምፁን መንቀጥቀጥና መንሸራተት አይጽፍም። ይህን የሚያስተምረው መስማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ቅጂዎች፣ ወይም የግርማ ይፍራሸዋን የፒያኖ ሥራዎች በጥሞና ያዳምጡ፤ ከአንድ ዋና ድምፅ በፊት ጣት እንዴት ጎረቤቱን በስሱ ነክቶ እንደሚያልፍ ይሰማሉ። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ይህ ነው።

ልጄ በውጭ አገር ባለ አምስት መስመሩን ኖታ ተምራለች፤ የአማርኛ ዘፈን ግን አትጫወትም። ይህ ዘዴ ይረዳታል?

በጣም ይረዳታል። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ፒያኖ የሚማሩ ልጆች ጣታቸው ከእኛ ጀማሪዎች ይልቅ የሰለጠነ ነው፤ የሚጎድላቸው የቅኝቱ ቤት ነው። ከላይ ካሉት ስድስት መስመሮች አንዱን ብቻ ሰጥተዋት፣ ቤት ውስጥ ከሚዘፈኑት ዜማዎች አንዱን እርስዎ እያንጎራጎሩላት ቁጥሩን እርሷ ትፈልገው። ጽሑፉን ተዘጋጅቶ ከምታገኘው ራሷ ብታወጣው ቅኝቱ አብሯት ይቀራል።

ዜማው ለድምፄ ከፍ አለብኝ፤ ምን ላድርግ?

ኪቦርድዎ ትራንስፖዝ የሚባል አዝራር ካለው እርሱን መጠቀም ነውር አይደለም፤ እጅዎ በዶ ላይ እንዳለ ድምፁ ዝቅ ወይም ከፍ ይላል። በፒያኖ ላይ ግን 1ን ማዛወር ግድ ነው። ከ1 እስከ ላይኛው 1 ያለው መንገድ ሁልጊዜ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ እርምጃ ነው፤ ግማሽ እርምጃ ጥቁሩንም ጨምሮ ወደ ጎረቤት ቁልፍ መሄድ ሲሆን፣ ሙሉ እርምጃ አንድ ቁልፍ ዘሎ መሄድ ነው። ለምሳሌ 1ን ፋ ላይ ቢያደርጉ 4 በጥቁር ቁልፍ፣ በሲ ፍላት፣ ላይ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። ወረቀትዎ ላይ የሚለወጠው ነገር ከላይ «1 = ፋ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ተጽፎ ያላገኘሁትን ዘፈን ራሴ እንዴት ልጻፈው?

በመጀመሪያ ቤቱን ይፈልጉ። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ያዳምጡና የመጨረሻውን ረጅም ድምፅ እያንጎራጎሩ በቁልፎቹ ላይ ያግኙት፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 እርሱ ነው። ቀጥሎ ዘፈኑ የትኞቹን አምስት ወይም ሰባት ድምፆች እንደሚጠቀም ለይተው ከላይኛው ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ቅኝቱ ከታወቀ ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚቀርቡት አማራጮች አምስት ብቻ ስለሆኑ ፍለጋው ቀላል ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ስንኝ በላይ አይውሰዱ። መጀመሪያ ቁጥሮቹን፣ ከዚያ እግርዎን እየመቱ የምት መስመሮቹን፣ በመጨረሻ ሰረዝና ቅንፉን ይጻፉ። በእርሳስ ይጻፉ፤ የእኔ ደብተሮች ከጽሑፉ ይልቅ የላጲስ ምልክት ይበዛባቸዋል።

በቪዲዮ ላይ ቀለም ያላቸው መስመሮች እየወረዱ የሚያሳዩት ትምህርት አይበቃም?

አንድን ዘፈን ለመቅዳት ይበቃል። ነገር ግን ቪዲዮው ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ዘፈኑም አብሮ ይዘጋል፤ ዓይን የተከተለው የወደቀውን መስመር እንጂ የድምፆቹን ዝምድና አይደለምና። ቪዲዮውን እየተመለከቱ ቁጥሩን በወረቀት ቢያሰፍሩት ግን ሁለቱም ይጠቅማሉ።

ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ለዚህ ዘዴ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ከበቂ በላይ ነው። ሲገዙ አንድ ነገር ይፈትኑ፦ አንዱን ቁልፍ በስሱ፣ ከዚያ በኃይል ይንኩት፤ ድምፁ በንክኪዎ መጠን ከፍና ዝቅ የማይል ከሆነ ሌላ ይፈልጉ፤ ትዝታን ያለ ልስላሴ መጫወት አይቻልም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ካሉ በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። የመቀመጫውም ከፍታ፣ እጅ ቁልፎቹ ላይ ሲያርፍ ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል እንዲሆን ይስተካከል።

በስንት ጊዜ አንድ ዘፈን እችላለሁ?

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ የሚለማመድ ሰው የልደቱን ዜማ በቀኝ እጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በሁለት እጁ ደግሞ በወር ገደማ ሲጫወት አይቻለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይህን አይተካም። ዕድሜ የሚያግድ አይደለም።

ያወጣሁትን ቁጥር ለሌላ ሰው ብሰጥ ወይም ብሸጥ ያስጠይቀኛል?

የልደቱ ዜማ ነፃ ነው። ዜማው በአሜሪካ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1893 ሲሆን፣ በግጥሙ ባለቤትነት ላይ የነበረው ረጅም ክርክር በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ተዘግቷል። የዘመናችን የአማርኛ ዘፈኖች ግን ባለቤት አላቸው። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የዜማ ደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዜማው በቁጥር መጻፉ ባለቤቱን አይለውጠውም፤ ስለዚህ ለራስዎ መለማመጃ የጻፉትን አሳትሞ ከመሸጥዎ በፊት ባለመብቱን ያስፈቅዱ። በወረቀቱ አናት ላይ የዜማውንና የግጥሙን ደራሲ ስም መጻፍ ግን ለግል ደብተርም ቢሆን እንዲለምድብዎ እመኛለሁ።

ባለ አምስት መስመሩን ኖታ መማር ይኖርብኛል?

የሚወዷቸውን ጥቂት ዜማዎች ለመጫወት ብቻ ከሆነ ግዴታ የለብዎትም። በሁለት እጅ የተለያየ ነገር የሚጫወቱባቸውን ሥራዎች ማንበብ ሲፈልጉ ግን ቁጥር ይጠብብዎታል፤ ያን ጊዜ ሽግግሩ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። በቀኝ እጅ መስመሮች ላይ ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ይነበባሉ፤ በመካከላቸው ባሉት ክፍት ቦታዎች ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ይነበባሉ፤ መሐለኛው ዶ ደግሞ ከአምስቱ መስመሮች በታች በራሱ አጭር መስመር ላይ ይቀመጣል። በቁጥር አጥርተው የሚያውቁትን የልደቱን ዜማ በዚህ ኖታ የተጻፈበትን ወረቀት ፈልገው ከቁጥሩ ጎን ያስቀምጡት፤ ከዚያም በየኖታው ሥር ቁጥሩን በእርሳስ እየጻፉ ይሂዱ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ፣ እጅዎ ሃያ ጊዜ የደጋገመውን ያንን ዝላይ በወረቀቱ ላይ ከመስመሮቹ በታች ካለው ሶል ወደ ሁለተኛው መስመር ሶል ሲወጣ በዓይንዎ ያዩታል።